68 ዶላር የተለጠፈበት ነጠላ፦ እነዚህ «ፌር ትሬድ» የሚባሉ ሱቆች ነገር

ሰብለ ሲልቨር (እሑድ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የሥራ ባልደረባዬ ልታገባ ነው። ፈረንጅ ናት። ክረምት ከበጋ ረጅም ቀሚስ የምትለብስ፣ ሥጋ የማትበላ፣ የፕላስቲክ ከረጢት ባየች ቁጥር ፊቷ የሚቀየር ዓይነት ናት። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ከሞል የመጥበሻ ስብስብ ተሸክሞ መሄድ አይሆንም። አንዷ ጠቆመችኝና ትናንት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ሰዓት ነድቼ አንድ «ፌር ትሬድ» ሱቅ ሄድኩ፤ ለሠሪው ተገቢውን ዋጋ እንከፍላለን ከሚሉት ዓይነት። ስሙን አልጽፍም። ምንም አልበደሉኝም፣ ግን ትንሽ ላማቸው ስለሆነ ነው።

በሩን ስትከፍቱት ደወል ይጮኻል። ከዚያ ሽታው። ገና ከመግባቴ የክርስትና ቤት የገባሁ መሰለኝ። ከጣሪያ ላይ ቀሚስ ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ላይ ቀሚስ፣ ወንበሩ ላይ ቀሚስ። የሕንድ አበባ የታተመበት ጥጥ፣ እግሩ እንደ ጆንያ የሰፋ ሱሪ፣ የፔሩ የአልፓካ ሹራብ፣ የኔፓል የሱፍ ነጠላ ጫማ፣ ሲመቱት ለሁለት ደቂቃ የሚያንጎራጉር የነሐስ ሳህን። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ካርድ አለ። «ይህን የሠራችው እገሌ ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት» ይላል። ዕቃ ልገዛ ነው የገባሁት ወይስ ልጠይቃቸው?

ዋናው ነገር መጣ። ጥግ ላይ መስቀያው ላይ አንድ ነገር አየሁ። ነጭ፣ ስስ፣ ጫፉ የተቋጨ፣ ጥለቱ ግራጫና ወርቅማ። ነጠላ! ካርዱ ላይ ግን «የቦሆ ስካርፍ፣ በኢትዮጵያ በእጅ የተሸመነ» ይላል። ዋጋ 68 ዶላር። ቆሜ ሳየው የሱቁ ልጅ መጣችና እንዴት እንደሚለበስ ልታሳየኝ ጀመረች። አንገቴ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችልኝ። እናቴ ብታየኝ ለቅሶ የደረስኩ ይመስላት ነበር። አላቋረጥኳትም፣ ደስ ብሏት ነበር።

አልበቃ ብሎ ከባንኮኒው አጠገብ እጣን። በትንሽ የጨርቅ ከረጢት፣ ጭብጥ የማትሞላ፣ 9 ዶላር።

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ግን ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ። ከ68 ዶላሩ ስንቱ ነው ለሸማኔው የሚደርሰው? ይሄ ፌር ትሬድ የሚሉት ነገር እውነት ነው ወይስ ለፈረንጅ ህሊና ማስታገሻ? ደግሞስ ለሙሽራዋ ምን ልግዛ?

ተጠራጣሪው

መልሱ አጭር ነው፤ ማስታገሻ ነው። ፎቶ ለጥፈህ ሦስት ልጅ አላት ብለህ ዋጋውን በሦስት ታባዛለህ፣ በቃ።

ሽሮ ሜዳ ለሚሄድ ሰው ንገሪና በሩብ ዋጋ አሥር ነጠላ ያምጣልሽ። እኔ ባለፈው ዓመት ለእህቴ ሚዜዎች እንደዛ ነው ያስመጣሁት። ሻንጣ ውስጥ ቦታም አይይዝም።

ያ ጠይም

«የክርስትና ቤት የገባሁ መሰለኝ» 😂 ሞትኩ። እጣኑን እኔ ከእናቴ ጓዳ ጀምሬ ልሽጠው፣ በጆንያ አለ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ (ዴንቨር)

ተጠራጣሪው፣ ወንድሜ፣ በሩብ ዋጋ አሥር ነጠላ ስታስመጣ ሸማኔው ስንት እንደደረሰው ጠይቀሃል? እኔ ልንገርህ፣ የሸማኔ ልጅ ነኝ።

አባቴ ከጨንቻ ነው የመጣው። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር ያለው ሰፈር ሁሉ ማለት ይቻላል ከጋሞ ደጋ በመጣ ሸማኔ የተሞላ ነበር፣ ዶርዜ ብላችሁ የምትጠሩን። አንድ ክፍል ቤት ነበረን፤ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ የሽመና ዕቃ። መሬቱ ተቆፍሮ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፣ በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ ይወረውራል። የልጅነቴ ድምፅ እሱ ነው፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሌሊት ስነቃ እሱ ካልተሰማኝ አባቴ ታሟል ማለት ነው።

ሜዳው ነጭ የሆነ ነጠላ ቶሎ ይደርሳል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ነው ጉዱ፣ ክሩን አንድ በአንድ በጣት እየለቀሙ ነው። ጥለቱ ሰፊ ከሆነ አባቴ አንዱ ላይ አራት አምስት ቀን ይቆይ ነበር፤ ለዚያውም ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ። ክሩን የሚያመጣው ነጋዴው ነው። ሲያልቅ የሚወስደውም እሱ ነው። አባቴ የሚከፈለው በቁራጭ ነው። በዓል ሲቃረብ ሥራ ይበዛል፣ ጾም ላይ ምንም የለም። ባዶ ወር ላይ ከነጋዴው ይበደራል፣ ብድሩን በሚቀጥለው ሥራ ይከፍላል፣ ስለዚህ ዋጋ ላይ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። እንዲህ ሆኖ ነው ያደግነው።

እና የኔ ጥያቄ፣ እናንተ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ «ይቀንሳል፣ ኧረ ተው፣ እዚያ ጋ በዚህ ዋጋ አለ» ብላችሁ ስትከራከሩ ቅናሹ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው። ከነጋዴው ይመስላችኋል?

ሰብለ፣ በማን እንደተናደድሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ግን 68 ዶላሩ አላናደደኝም።

ሰብለ ሲልቨር

የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ባለፈው ሄጄ ለአንድ ጋቢ ሃያ ደቂቃ ተከራክሬያለሁ። አሸንፌም ወጥቻለሁ። ለጓደኞቼም እየሳቅኩ አውርቼዋለሁ።

ባንኮኒ

ገንዘቡን እኔ ላስረዳሽ። ተማሪ እያለሁ እንዲህ ዓይነት ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልክ እንዳልሽው ደወልም ነበረው፣ ያንጎራጉር የነበረ ሳህንም። አንድ ሕፃን ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ለአርባ ደቂቃ ሲመታው አስቢ።

ሱቁ 68 የሚሸጠውን ነገር እኛ ጋ በግማሽ ያህል ነበር የምንገዛው፣ 34 በይው። ይህ በፌር ትሬድ የመጣ አይደለም፣ የአሜሪካ የስጦታ ሱቅ ሁሉ እንደዚያ ነው። ከቀሪው ግማሽ ላይ ኪራይ አለ፣ የኔ ደሞዝ አለ፣ ጥር ላይ በግማሽ ዋጋ የሚጣል ዕቃ አለ። 34ቱን የሚቀበለው አስመጪው ነው። እሱ ደግሞ የአውሮፕላን ጭነት፣ መጋዘን፣ ቀረጥ አለበት። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ጨርቅ ላይ ቀረጡ ተመልሶ የመጣው አገራችን ከፈረንጆቹ ጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ስትወጣ ነው። ያኔ ከአዲስ አበባ የምናስመጣው ስካርፍ ዋጋ ሲጨምር ደንበኛው እኛን ነው የተቆጣው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው አዲስ አበባ ላለው ወርክሾፕ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ነው ጥጥ፣ ቀለም፣ ፈታይ፣ ሸማኔ የሚከፈለው።

ስለዚህ «68 ዶላሩ ለሸማኔው» የሚል ካለ ይዋሻል። «ምንም አይደርሰውም» የሚልም ይዋሻል። ልዩነቱ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። ትክክለኛዎቹ ለእጅ ሥራ ወርክሾፑ ከጠየቀ ትዕዛዙ ሲሰጥ ግማሹን ያለ ወለድ በቅድሚያ ይከፍላሉ። የዓለም ፌር ትሬድ ድርጅት መርሆዎች ውስጥ ተጽፎ ያለ ነው። የሽሮ ሜዳ ልጅ አሁን የነገረንን የብድር ነገር አስቡት፤ መድኃኒቱ እሱ ነው። ሸማኔው ክር ለመግዛት ነጋዴ ደጅ አይጠናም።

ተጠራጣሪው

እሺ በጎ በጎውን ሰማን። ግን «ፌር ትሬድ» ብሎ ለመጻፍ ማን ነው ፈቃድ የሚሰጠው? ነገ እኔ ጋራዤ ውስጥ ቲሸርት ደርድሬ ብለጥፍበት ማን ይከለክለኛል? «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለውም ምንም ማለት አይደለም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሰፉት ልጆች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2019 ጽፈዋል። ያም ልብስ ላይ የተሰፋው የአገራችን ስም ነው።

ኮሎኝ ነኝ

ተጠራጣሪው ትክክል ጠይቀሃል፣ ለዚህ ነው ምልክቱን ማንበብ ያለብን። እኔ ጀርመን ውስጥ «ቬልትላደን» የሚባል የፌር ትሬድ ሱቅ በወር ሁለት ቅዳሜ በነጻ አገለግላለሁ። እዚህ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፣ ጡረተኛ አሮጊቶችና እኔ።

ሰው የሚያምታታው ሦስት ነገር አለ። ቡና ወይ ቸኮሌት ላይ የምታዩት ሰማያዊና አረንጓዴ የፌርትሬድ ምልክት ለምርቱ የሚሰጥ ነው። ይህ ምልክት በ1988 ሆላንድ ውስጥ ማክስ ሃቭላር በሚል ስም ነው የተጀመረው። የቡና ዝቅተኛ የዋስትና ዋጋ አለው፣ ለታጠበ አረቢካ ከ2023 ጀምሮ በፓውንድ 1.80 ዶላር፣ በዚያ ላይ ለገበሬዎቹ ማኅበር 20 ሳንቲም ይጨመራል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን የሚሸጠው ቡና ውስጥ ይህን ምልክት የያዘ አለ። ሁለተኛው ቅድም ባንኮኒ ያነሳው የዓለም ፌር ትሬድ ድርጅት ነው፤ እሱ ዕቃውን ሳይሆን የሚሠራውን ድርጅት በሙሉ ነው የሚመረምረው። የእጅ ሥራ ላይ እሱን ፈልጉ። ሦስተኛው እናንተ አሜሪካ ያላችሁት የነጋዴዎች ማኅበር ነው፣ የፌር ትሬድ ፌዴሬሽን፤ አባል የሚሆነው ሱቁ ወይም አስመጪው ነው። ከእነዚህ ሌላ ዝም ብሎ በእጅ ጽሑፍ «ፌር ትሬድ» የሚል ካርድ ካየሽ፣ ካርድ ነው።

አንድ ተንኮል ልጨምር። ሸሚዝ ላይ «የፌርትሬድ ጥጥ» የሚል ካለ የሚያወራው ስለ ጥጡ ገበሬ ነው። ስለ ሰፊዋ ምንም አላለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ እኔም ራሴ።

ያ ጠይም

ይሄን ሁሉ አውቆ ካልሲ መግዛት አይደክምም?

ኮሎኝ ነኝ

ይደክማል። ለዚህ ነው ሁለት ካልሲ ብቻ ያለኝ።

እማማ እንዝርት

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ እየጻፈችልኝ ነው። ሁላችሁም ስለ ሸማኔ አወራችሁ፣ ስለ ፈታይ ማን ያውራ?

እኔ ድሮ ሰላሌ ነው የፈተልኩት። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፣ እንደ ደመና ሲሆን ባዘቶ ይባላል። ከዚያ እንዝርት ይዞ መቀመጥ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ መፍተል ወር ይፈጃል፣ ምጣድ ላይ ቂጣ እያለ፣ ሕፃን ጭን ላይ እያለ። ሸማኔው የሚሸምነው እኛ የፈተልነውን ነው። አሁን ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ነው የእጅ ፈትል። ሁለቱም የፋብሪካ የሆነም ሞልቷል።

ሰብለ ልጄ፣ ሄደሽ ስታዪው ወደ ብርሃን ዘርጊው። ክሩ እኩል ከሆነ፣ እንደ አንሶላ ከሆነ፣ የማሽን ነው። አንዳንድ ቦታ ወፈር አንዳንድ ቦታ ቀጠን ካለ የሰው እጅ ነው። በእጅሽም ያዢው፣ የእጅ ፈትል ይሞቃል። ጥለቱን ደግሞ ገልብጪው። ጀርባው ላይ ክር ካልታየሽ የታተመ ነው። የቻይናው እንደሱ ነው፣ ፊቱ ያምራል ጀርባው ነጭ ነው።

9 ዶላሩን እጣን እግዜር ይይላቸው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

እማማ፣ እጅዎን እስማለሁ። እናቴ ትፈትል ነበር፣ ሁላችንም ስለ አባባ ብቻ ነበር የምናወራው።

ያ የታተመው ጨርቅ ነው ሰፈራችንን ያራቆተው። ጥለቱን ፎቶ አንስተው ወስደው በጥቅል አሳትመው አመጡት። አንድ ሳምንት የሚፈጀውን ሥራ በሜትር ይሸጡታል። አንዳንዱ ጎረቤታችን ሽመናውን ትቶ ታክሲ ረዳት ሆነ። እና አስቂኙ ነገር፣ የታተመውን የሚገዛው የኛው ሰው ነው፣ በሠርግ በበዓል። በእጅ የተሠራውን ፈልጎ የሚመጣው ደግሞ ያቺ እግሯ እንደ ጆንያ የሰፋ ሱሪ የለበሰችው ናት።

ሽማግሌዎቹ እንደሚነግሩን ድሮ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን በስሙ ነው የጠቀሰው። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ግን ስድቡ አሁንም ነበር። አባቴ ሜሪላንድ ውስጥ ስሙና ፎቶው ካርድ ላይ ተለጥፎ ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም። ይስቅ ነበር መሰለኝ።

ሰብለ ሲልቨር

😭 በጠዋቱ ቢሮ አስለቀስከኝ።

አዲስ ሱቅ (አዲስ አበባ)

ከዚህ በኩል ልናገር። ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ፣ አሥራ አንድ ሰው ነን፣ ስካርፍና የትራስ ልብስ ለውጭ እንሠራለን። ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል።

መጀመሪያ፣ ሰብለ ያየችው «ቦሆ» የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ደንበኞቼ ስለሚጠይቁኝ አንብቤያለሁ። ፈረንሳዮች ድሮ ሮማ የሚባሉትን ተንቀሳቃሽ ሕዝቦች ከቦሄሚያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቼክ፣ የመጡ ይመስላቸው ነበርና ቦሄሚያን አሏቸው። ከዚያ ስሙ ለድሃ ሠዓሊና ለደራሲ ሆነ፣ ከዚያ በስልሳዎቹ ሕንድና ኔፓል ድረስ በመሬት ለሄዱት ሂፒዎች፣ ከዚያ ለቀሚሱ። ስለዚህ ነጠላችን የቦሄሚያ ዜጋ ሆናለች ማለት ነው። በኔ በኩል ችግር የለም፣ ትሽጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ለውጭ ገበያ መሥራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ነጭ ነጠላ ብቻ አይፈልጉም። ግራጫ፣ የባሕር ሰማያዊ፣ የሰናፍጭ ቢጫ ይሉሃል፣ ያውም በቁጥር። ሁለት መቶ ስካርፍ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን ይላሉ፣ በእጅ የተሠራ ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት አይሆንም። እጅ ሥራ መሆኑን ወደውት ማሽን እንዲመስል ይፈልጋሉ! አንዴ አርባ ስካርፍ ቀለሙ ትንሽ ስለወጣ ተመልሶብኛል። ቅድሚያ ክፍያ የማይሰጥ ገዢ ቢሆን ኖሮ ያኔ እዘጋ ነበር። የሰጠኝ ስለነበር ሸማኔዎቹ ገንዘባቸውን አግኝተዋል፣ ኪሳራውን እኔና ገዢው ተካፈልን።

ከኛ የሚበልጡ ጥሩ ሥራ የሠሩ አሉ። ሳባሃር በፈረንጆቹ 2004 ነው አዲስ አበባ የተጀመረው፣ ኤሪ የሚባለውን ሐር አገር ውስጥ ያመረቱ ናቸው። ትሉ የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው ያው ጉሎ! ሶልሬብልስ ከዘነበወርቅ ተነስታ በአሮጌ ጎማ ሶል ጫማ ዓለም ዞረች። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ደግሞ በፈረንጆቹ 2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትጀምር ሸማኔ ሥራ አጥቶ በማየቷ ነው። እነዚህ ባይኖሩ የኛን ስልክ ማንም አያነሳም ነበር።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ ያሸነፋችሁኝ ይመስላል። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶና «ሦስት ልጆች አሏት» የሚለው። ዕቃው ጥሩ ከሆነ ለምን ድህነቷን ይሸጡታል? ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጫማ ስገዛ የሰፊው ልጆች ብዛት አይነገረኝም።

ባንኮኒ

በዚህ እስማማለሁ። እኛ ጋ ካርዶቹን መደርደር የኔ ሥራ ነበር፣ አንዳንዱ ያሳፍራል። አንዲት ደንበኛ ከጥይት ቀለህ የተሠራ ዶቃ ልትገዛ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር፣ ካርዱን አንብባ እምባዋ መጣ። ዶቃው ያምር ነበር፤ ካርዱ ባይኖርም ይሸጥ ነበር እላለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞች ግን ከፈረንጆቹ 2013ቱ የራና ፕላዛ አደጋ በኋላ የመጡ ነበሩ። ባንግላዴሽ ሕንጻው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሲሞት፣ «ልብሴን ማን እንደሰፋው አላውቅም ነበር» እያሉ ነው ይነግሩኝ የነበረው። ፎቶውን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ስሟና ሙያዋ ቢጻፍ ይበቃ ነበር፤ የልጆቿ ቁጥር አያስፈልግም።

ነገሩ ሲጀመር ራሱ ፎቶ አልነበረውም። ኤድና ሩት ባይለር የምትባል የሜኖናይት ሴት በ1946 ፖርቶ ሪኮ ሄዳ የሴቶቹን ጥልፍ አይታ፣ ወደ ፔንስልቬንያ ስትመለስ መኪናዋ ኋላ ላይ ጭና ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። ዛሬ ቴን ታውዘንድ ቪሌጅስ የሚባለው የፌር ትሬድ ድርጅት ከዚያ ነው የወጣው። ልክ እንደኛ እናቶች ከዱባይ ቀሚስ አምጥተው ቤት ለቤት እንደሚሸጡት ማለት ነው።

ያ ጠይም

የኔ እናት ታሪክ ውስጥ ገባች ማለት ነው 😂

ሰብለ ሲልቨር

ሙሽራዋን ረሳችኋት! ቅዳሜ እመለሳለሁ። ምን ልግዛ?

ባንኮኒ

ልብስ አትግዢ፣ ልክ አይሆንም። የታተመ የሕንድ ጥጥ ቀሚስ አጥባለሁ ብላ ነጩን ልብስ ሁሉ ሰማያዊ ያደረገች ሙሽራ አውቃለሁ። የጃይፑር አካባቢ የእንጨት ማህተም ሥራ በጣም ይወደዳል፣ ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ አለበት። ከአሮጌ ሳሪ የሚሠራው ካንታ የሚሉት የአልጋ ልብስ ጥሩ ስጦታ ነው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለማይሆን ማንም ሌላ አያመጣላትም።

የአልፓካ ሹራብ ካጋጠመሽ ካርዱ ላይ ስንት እጁ አልፓካ እንደሆነ አንብቢ፣ ብዙው ከአክሪሊክ ጋር የተደባለቀ ነው። ከነሐስ ሳህኑ ራቂ።

እማማ እንዝርት

ነጠላውን ግዢላት። የአገርሽን ነገር ትተሽ የሕንድ ለምን ትሰጫታለሽ። በሳሙና ትንሽ፣ በእጅ፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ በያት። ማሽን ውስጥ ከከተተችው ቋጩ ተበጣጥሶ ያልቃል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

የሱቁን ባለቤት አግኚና ሦስት ነገር ጠይቂያት። ከየትኛው ወርክሾፕ ነው የገዛሽው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ግማሹን ቀድመሽ ትከፍያለሽ ወይ። ሠራተኛዋ አታውቅም፣ ባለቤቷን ጠይቂ። መልስ ካላት ግዢ። ከተንተባተበች አስመጪውን ትጠይቅልሽ።

ሰብለ ሲልቨር (ቅዳሜ ማታ)

ሄጄ መጣሁ። ስማኝ የሽሮ ሜዳ ልጅ።

ባለቤቷ ነበረች። ስልሳ ዓመት ገደማ፣ ነጭ ረጅም ሹሩባ፣ አምባሯ እስከ ክርኗ። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅኳት። መጀመሪያ የተመረመረች መስሏት ደነገጠች፣ ኋላ ደስ አላት፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። የወርክሾፑን ስም ነገረችኝ፣ አዲስ አበባ ያለ ነው፣ ስምንት ዓመት ገዝታለች። ራሷ በቀጥታ አይደለም፣ በአስመጪ በኩል ነው፤ አስመጪው ግማሹን ቀድሞ እንደሚልክ ወረቀት አሳየችኝ። ጥሩ።

ነጠላውን ወደ መስኮቱ ወስጄ ዘረጋሁት። እማማ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው! ወፈር ቀጠን ይላል። ጥለቱን ገለበጥኩት፣ ክሩ አለ። ከዚያ እጄ አላረፈ አለና አጠገቡ የነበረውን ጥለት ያለበት የትራስ ልብስ ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ! ካርዱ ላይ በእጅ የተሸመነ ይላል። አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከሌላ አስመጪ የገዛችው ነው። ስድስቱንም ከመደርደሪያው አውርዳ ከባንኮኒው ሥር ከተተቻቸው። ልትመልሳቸው ነው። እኔን ደግሞ እንደ ባለሙያ ማየት ጀመረችና ሌላ ሌላውንም ገልብጭልኝ አለችኝ። አንድ ሰዓት እዚያ ቆየሁ። እጣኑንም ጠየቀችኝ። ከእጣን ዛፍ ነው፣ ትግራይና መተማ በኩል ይበቅላል፣ ቡና ሲፈላ ነው የምናጨሰው አልኳት። «ለማሰላሰል» ብላ ነበር የምትሸጠው። ቡናም ማሰላሰል ነው አልኳት፣ ምን ልበል።

በመጨረሻ ነጠላውን ገዛሁት፣ 68 ዶላር ከነታክሱ 72 ምናምን። አልተከራከርኩም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። በቪዲዮ አሳየኋት። አገላብጪልኝ አለች፣ አገላበጥኩላት፣ ወደደችው፣ «ይሄ የእጅ ፈትል ነው፣ ማን ሰጠሽ?» ገዛሁት አልኳት። ስንት? አለች። 72 ማለት አልቻልኩም፣ ሃያ ዶላር አልኳት።

«ተሸውደሻል» አለችኝ።

ያ ጠይም

😂😂😂 ይሄ ክር አሁን ይዘጋ።

እማማ እንዝርት

እናትሽን ሰላም በይልኝ። ግን ሙሽራዋ አንገቷ ላይ እንዳትጠመጥመው አሳያት።